ጥቂት ዚንክ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል?

በዚህ እትም የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ባዕድ አቶም ሲገባበት አንዱ ሱፐርኮንዳክተር ብዙም ሳይነካ ሌላው ለምን ይዳከማል?

ሱፐርኮንዳክተር ከተወሰነ ሙቀት በታች ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ዜሮ የሚሆን ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 መጀመሪያ የታየው በሜርኩሪ ላይ ሲሆን፣ ሙቀቱ 4.2 ኬልቪን ገደማ ነበር። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 እንዳብራሩት፣ ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ንዝረት አማካይነት ጥንድ ይሆናሉ። በእንደ አሉሚኒየም ባሉ ብረቶች ውስጥ የጥንዱ ሞገድ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ምልክት አለው። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ከባዕድ አቶም ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫ ቢቀይርም ጥንዱ እምብዛም አይጎዳም። አቶሙ ማግኔታዊ እስካልሆነ ድረስ ይህ እንደሚሠራ አንደርሰን በ1959 አሳይቷል።

ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 ያገኟቸው የመዳብ ኦክሳይዶች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። በእነዚህ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ በኃይል ይገፋፋሉ፤ ጥንድ ሲሆኑም አንድ ቦታ ላይ ከመገናኘት ይሸሻሉ። በዚህም የተነሣ የጥንዱ ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ፖዘቲቭ፣ 90 ዲግሪ ዞር ሲል ኔጋቲቭ፣ በመካከል ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ይህ ቅርጽ ዲ-ዌቭ ይባላል።

አሁን ከመቶ የመዳብ አቶሞች ጥቂቱን በዚንክ እንተካ። ዚንክ በራሱ ማግኔታዊ አይደለም። ሆኖም ከእሱ ጋር የተጋጨው ኤሌክትሮን ከፖዘቲቩ አቅጣጫ ወደ ኔጋቲቩ ሲወረወር ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀትም በፍጥነት ይወርዳል። በ1994 ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ የታወቀው ስትሮንቲየም ሩቴኔት ከዚህም ይብሳል፤ 1.5 ኬልቪን የሚደርሰው እጅግ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው።

ይሁንና ባዕድ አቶም ሁሉ ጠላት አይደለም። የመዳብ ኦክሳይዶች ተጨማሪ ኦክስጅን ወይም ሌላ አቶም ካልገባባቸው ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። እነዚህ አቶሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት ኤሌክትሮኖቹ ከሚጓዙበት የመዳብና የኦክስጅን ንጣፍ ውጭ ስለሆነ ጉዳታቸው ያነሰ ነው። በንጣፉ ውስጥም ቢሆን ጉዳቱ ቀላሉ ስሌት ከሚተነብየው ያንሳል፤ የኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ራሱ በከፊል ይከላከላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ስለዚህ ፊዚክስ ለምታጠኑ የምንለው ይህ ነው፦ ያልጠራ ናሙና ቶሎ አይጣል። ማግኔታዊ ያልሆነ አቶም ጨምረን ሙቀቱ ብዙ ካልተለወጠ፣ ምልክቱን የማይቀይር ጥንድ እንጠብቃለን። በፍጥነት ከወረደ ግን ምልክት የሚቀይር ጥንድ መኖሩን እንጠረጥራለን። ጉድለቱ ራሱ የቁሱን ጠባይ ይነግረናል።