የጀልባ ተሳቢ አያያዝና ጥገና፦ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ 2» የተሰኘችው ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓጓዝ፣ በየከተማው ለማየት የወጣው ሕዝብ ዐይኑን ያሳረፈው በጀልባዋ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ቁልቁለቱንና ዳገቱን ያሳለፋት ባለብዙ ጎማ ተሳቢ ግን እምብዛም አልተወሳም። ተሳቢ ሞተር የለውም፤ ዘይት አልቆብኛል፣ ሙቀት በዝቶብኛል ብሎ ለአሽከርካሪው የሚጠቁም መብራትም የለውም። ስለዚህ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህንኑ በቅርብ ተመልክቷል። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከተግባረ ዕድ ወደ ቅድስት ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አነስተኛ የፋይበር ግላስ ጀልባ የጫነ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ቆሞ ከቀኝ ጎማው ጭስ ይወጣ ነበር። አሽከርካሪው ጀልባዋን ከቢሾፍቱ ለእድሳት ማምጣቱን፣ በጉዞው ሁሉ የተለየ ድምፅ አለመስማቱን ተናገረ። ያስቆመው አንድ እግረኛ በእጁ ጠቁሞት ነው። ከአካባቢው የተጠራው መካኒክ ጎማውን ፈትቶ ሲያይ ግራሶው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ኩሽኔታው ተሰባብሮ፣ አክስሉም ጫፉ ላይ ተፍቆ ተገኘ። ያ ጎማ ጥቂት ቆይቶ ቢሆን ተነቅሎ የሚሄደው የእግረኛ ብዛት ባለበት ጎዳና ላይ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት የጀልባ ተሳቢ ከሌላው ተሳቢ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተሳቢው ረጅም መንገድ ሲጓዝ የጎማው እምብርት፣ በመካኒኮች አጠራር ሞዞው፣ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል። ጀልባዋን ለማውረድ ተሳቢው ወዲያውኑ ወደ ሐይቁ ሲገፋ የሞቀው ሞዞ በቀዝቃዛው ውሃ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ የነበረው አየርም ይሰበሰባል፤ በተተወው ክፍተት ውሃ በጎሚኒው በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃ የገባበት ግራሶ የማለስለስ ኃይሉን ያጣል፣ ብረቱም መዛግ ይጀምራል። ስለሆነም ሐይቅ ዳር የደረሰ አሽከርካሪ ተሳቢውን ወደ ውሃ ከማስገባቱ በፊት ሞዞው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የጀልባዋን ማሰሪያ መፍታትና ዕቃ ማዘጋጀት ስለሚቻል የሚባክን ጊዜ የለም።

ኩሽኔታን መመርመር ከባድ ሥራ አይደለም። ተሳቢው ከጎታቹ ተሽከርካሪ ጋር እንደተያያዘ በሌላኛው ወገን ጎማ ሥር ታኮ ይደረጋል፤ ከዚያም የሚመረመረው ጎማ በክሪክ ከመሬት ይነሣል። ጎማውን በእጅ ሲያሽከረክሩት የመፍጨት ድምፅ ካለው ወይም ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት የሚያንኳኳ ከሆነ ሞዞው መፈታት አለበት። መንገድ ላይ ደግሞ በየማረፊያው የእጅን ጀርባ ወደ ሞዞው ቀስ ብሎ ማስጠጋት በቂ መረጃ ይሰጣል፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፣ እጅ የማያስቀርብ ሙቀት ግን የብልሽት ምልክት ነው። አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ መሞቁም እንዲሁ።

በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ተሳቢው አዘውትሮ ውሃ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ሞዞው ተፈትቶ ግራሶው ሙሉ በሙሉ ሊቀየር ይገባል። አሮጌው ግራሶ ላይ አዲስ መደረብ ጥገና አይባልም። ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ከደረቀ በኋላ በብርሃን ይታያል፤ ጥቃቅን ጉድጓድ፣ ዝገት ወይም ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ ቀለም ከታየበት ይጣላል። በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከሩ ማድረቅ አንዳንድ ወጣት መካኒኮች እንደ ጨዋታ የሚያዩት ልማድ ቢሆንም፣ ያለ ግራሶ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ ይጎዳል፣ ተበትኖም ሰው ሊያቆስል ይችላል። ኩሽኔታ ሲቀየር በሞዞው ውስጥ ተመትቶ የሚገባው የውጭ ቀለበቱም አብሮ መቀየር አለበት፤ አዲሱን ኩሽኔታ ባረጀ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ ወጪ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ አዲሱንም ያበላሻል። ግራሶው ውሃ የሚቋቋም ዓይነት ሆኖ በኩሽኔታው ጥርሶች መካከል እስኪወጣ ድረስ በእጅ መዳፍ ተጠቅጥቆ ይሞላል። ጎሚኒው ምንም ደኅና ቢመስል በአዲስ ይተካል።

ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው ዳዶውን በማጥበቅ ላይ ነው። ጎማውን እያዞሩ ትንሽ እስኪከብድ ድረስ ማጥበቅ፣ ከዚያም በጥቂቱ ማላላት፣ በመጨረሻም በጣት ብቻ ማስጠጋት ትክክለኛው አሠራር ነው። በቁልፍ ኃይል ተጠብቆ የቀረ ኩሽኔታ ጥቂት እንደተጓዘ ይቃጠላል። የዳዶው መቆለፊያ ፒን ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይደረጋል።

ሁለተኛው ዐቢይ ጉዳይ ፍሬን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጣና የሚጓዝ ተሳቢ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በአነስተኛ የጀልባ ተሳቢዎች ላይ የተለመደው ፍሬን በግፊት የሚሠራ ነው፤ ጎታቹ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፣ ይኸው ግፊት በመያያዣው በኩል ወደ ፍሬኑ ይተላለፋል። በሜዳ ላይ ይህ ብልህ አሠራር ነው። በረጅም ቁልቁለት ግን አሽከርካሪው በትንሽ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን ሲጠቀም ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ የተሳቢው ፍሬን ሳይለቅ ይቆያል። ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩም በሙቀት ይሰፋል፣ በመጨረሻም ፍሬኑ ይከዳል። ከሞዞው ጋር ያለው ቅርበት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ኩሽኔታው ያደርሰዋል።

መፍትሔው ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ በጎሐ ጽዮን ቆሞ መፈተሽ፣ ከመነሻው በዝቅተኛ ማርሽና በቀስታ መውረድ፣ በመካከልም ከመንገዱ ወጥቶ ለመቆም በሚያመች ሥፍራ አርፎ ማቀዝቀዝ ነው። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ ተሳቢዎች ደግሞ የአየር ጋኑ በየዕለቱ የተጠራቀመበት ውሃ ሊወገድለት ይገባል። ከሐይቅ የወጣ ተሳቢ የፍሬን ሸራው እርጥብ ስለሆነ፣ ዋናው መንገድ ላይ ከመግባቱ በፊት በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በለስላሳው መያዝ ያደርቀዋል።

ጎማን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ጎላ አድርገን ልናነሣ እንወዳለን። የጀልባ ተሳቢ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ባለንብረቱ ጥርሱን አይቶ «ገና አዲስ ነው» ይላል፤ ፀሐይና ዕድሜ ግን ጎማውን ከውስጥ ያደርቁታል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ባለአራት አኃዝ ቁጥር ዕድሜውን ይነግራል። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አቆጣጠሩ እንደ አውሮፓውያን መሆኑን ልብ ይሏል፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በጎሚስታ ማስመርመር፣ በጎኑ ላይ መሰንጠቅ የታየበትን ደግሞ ወዲያውኑ መቀየር ተገቢ ነው። አየሩ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሻው በፊት ነው። በአፋር ሙቀት ግፊቱ ጨምሮ ያገኘ አሽከርካሪ አየር ማስተንፈስ የለበትም፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና። ጎማው ተፈትቶ ከታሰረ ደግሞ የቸርኬው ዳዶዎች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ፤ በባሕር ዳር መንገድ ለሚሄድ ይህ ፍቼ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው።

የጀልባዋ አቀማመጥም ከጥገና አይለይም። በመያያዣው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 ከመቶ ቢሆን ተሳቢው ሳይወላገድ ይከተላል። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከመያያዣው በታች ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ መያያዣው ቢለቅ መጎተቻው ዘንግ አስፋልቱ ላይ ከመተከል ይልቅ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። መብራትን በሚመለከት የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ተሳቢው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መንቀል፣ ሲወጣም መልሶ ሰክቶ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን በሰው አስይቶ ማረጋገጥ ይበቃል።

የሻንሲው ጠላት ዝገት ነው። የጣና ውሃ ጨዋማ ባለመሆኑ እንደ ባሕር ውሃ ብረት አይበላም። ሆኖም ደለሉና እምቦጩ በአክስሉ ዙሪያና በባሌስትራው ንብርብሮች መካከል ተጠቅጥቀው እርጥበት ይዘው ይቆያሉ። ተሳቢው ከሐይቅ በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ የእምቦጩ ሥር ከአክስሉ ላይ በእጅ መለቀም አለበት። ይህ ለተሳቢው ብቻ ሳይሆን ለሐይቆቻችንም ነው፤ በተሳቢ ላይ የቀረ ቁራጭ አረሙን ወደ ሌላ ሐይቅ ሊያሻግር ይችላል። እንደ አቢጃታና ሻላ ባሉ የሶዳ ውሃ ያላቸው ሐይቆች ውስጥ የገባ ተሳቢ ደግሞ የዚንክ ሽፋኑ በሶዳው ስለሚጎዳ እጥበቱ ለነገ አይባልም።

ሻንሲው ላይ መሰንጠቅ ሲታይ በየመንደሩ ባለው ብየዳ ቤት ጎራ ብሎ ማስለጠፍ የተለመደ ነው። ለጎን ብረትና ለጀልባዋ መደገፊያ ይህ ሊበቃ ይችላል። የመጎተቻው ዘንግ፣ አክስሉና የባሌስትራው መያዣ ግን ሙሉ ጭነቱን የሚሸከሙ ስለሆኑ መሰንጠቁ የተከሰተበት ምክንያት ሳይታወቅ መበየድ የለባቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአቅም በላይ መጫን ነው። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ሽፋኑ አስቀድሞ በመፋቂያ ሊነሣ፣ ሥራውም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሊከናወን ይገባል። ከብየዳው በኋላ ቦታው በዚንክ ቀለም ካልተሸፈነ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ተሳቢ የራሱ የሰሌዳ ቁጥር ያለው ተሽከርካሪ ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ምርመራም ይመለከተዋል። ጎታቹ ተሽከርካሪ ምርመራውን ማለፉ ተሳቢውን አብሮ አያሳልፈውም።

በክረምት ጀልባቸውን ከውሃ አውጥተው የሚያቆሙ ባለንብረቶች ተሳቢውን በእጅ ፍሬን ይዘው ባይተዉት ይመረጣል፤ እርጥብ ሸራ ለወራት ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ከቆየ በመስከረም አልላቀቅ ይላል። ታኮ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ አድርጎ፣ አክስሉን በጠንካራ መደገፊያ ከፍ አድርጎ፣ ጎማዎቹን ከፀሐይ ሸፍኖ ማቆየት ይሻላል። ሲወጣ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ከአምስትና ከስድስት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው የሁሉንም ሞዞ ሙቀት በእጅዎ ጀርባ ይፈትሹ።