የውሻ ፍርሃት በክትባት ቀን፦ ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ አንጻር

መግቢያ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች ውሻ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። አካባቢው በባሕር ዛፍ ደን የተሸፈነና ጅብ የሚመላለስበት በመሆኑ፣ ውሻ ለነዋሪው ጌጥ ሳይሆን ዘበኛ ነው። የግቢ ውሻ ቀኑን በሰንሰለት ታስሮ ይውልና ሲመሽ ይለቀቃል። የሚበላው የገበታ ትራፊ ነው፤ የሰው እጅም ሰውነቱን የሚነካው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ውሻ በዓመት አንድ ቀን፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት እንዲወስድ በገመድ ታስሮ ከግቢው ይወጣል። በማያውቀው መንገድ እየተጎተተ ይወርዳል፤ በማያውቃቸው ውሾች መካከል ይቆማል፤ ከዚያም አይቶት የማያውቅ ሰው አንገቱን ይዞ መርፌ ይወጋዋል። በዚያ ሰዓት ቢያጉረመርም፣ ቢናከስ ወይም ገመዱን በጥሶ ቢያመልጥ፣ ባለቤቱ «ክፉ ውሻ ነው» ብሎ ይደመድማል። በተከታዩም ዓመት ሊያመጣው አይደፍርም።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው፣ በክትባት ቀን የሚታየው ፍርሃት በአመዛኙ ውሻው የተማረው ነገር እንጂ የባሕርይ ክፋት አለመሆኑን ነው። የተማረውን በቀላልና ብዙ ወጪ በማይጠይቅ ዘዴ መለወጥ ይቻላል። ይህን ማድረግ ለእንስሳው ከመራራት ባሻገር የሰውን ሕይወት ከመጠበቅ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ጉዳዩ ስለ ምን ያሳስባል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚደርሱት በውሻ አማካይነት የሚከሠቱ ናቸው፤ በበሽታው ከሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱትም መካከል 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ክትባት ከጀመረ ይድናል። የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ ግን በሽታው ለሞት የማይዳርግበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ በሽታው በስፋት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ የላቦራቶሪ ምርመራ ለረጅም ዓመታት ሲያከናውን ቆይቷል። ሆኖም የበሽታው መቋጫ ያለው ከላቦራቶሪው ይልቅ ውሻው በታሰረበት ግቢ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ በዘርፉ ተቀባይነት አለው። በውሻ አማካይነት በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት የሚደርሰውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ መጠን አንድ ጊዜ ተደርሶበት የሚቆም አይደለም። የተከተቡ ውሾች ይሞታሉ፤ ቡችሎች ይወለዳሉ፤ ክትባቱ የሚሰጠው መከላከያም በጊዜ ብዛት ይዳከማል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ውሻው ዘንድሮ መከተቡ ብቻ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ መምጣቱም ነው። ከክትባት የመቅረት ዕድል ያለው ደግሞ ለመያዝ የሚያስቸግረው ውሻ ነው። ይኸው ውሻ ሰው የመንከስ ዕድሉ ከሌላው የሰፋ ነው። ፍርሃትን ችላ ማለት እንግዲህ ይበልጥ መከተብ የሚገባውን ውሻ ከክትባት ማራቅ ይሆናል።

ፍርሃት በእንስሳው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ

አንድ እንስሳ አደጋ ሲሰማው አካሉ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ጡንቻዎቹ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃሉ። ይህ ሁኔታ የሐኪሙንም ሥራ ያዛባል። በፍርሃት ላይ ያለ እንስሳ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛትና የሙቀት መጠን ትክክለኛ የጤና መለኪያ አይሆንም። በተለይ የድመት ደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በጭንቀት ብቻ በእጅጉ ሊጨምር ስለሚችል፣ የስኳር ሕመም የሌለባት ድመት ሕመምተኛ ልትመስል ትችላለች።

ፍርሃቱ ከዕለቱ አልፎ የሚቆይበትን ምክንያት ለመረዳት የሩሲያዊውን ሳይንቲስት የኢቫን ፓቭሎቭን ግኝት ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፓቭሎቭ፣ ውሾች ከምግብ አስቀድሞ በተደጋጋሚ የሚመጣን ምልክት ከምግቡ ጋር እንደሚያቆራኙና ምልክቱ ብቻ ሲቀርብላቸው ምራቃቸው እንደሚወርድ አሳይቷል። ፍርሃትም በዚሁ መንገድ ይቆራኛል፤ ሥር ለመስደድ ግን ብዙ ድግግሞሽ ላያስፈልገው ይችላል። አንድ አስጨናቂ ቀን ገመዱን፣ መንገዱን፣ የአልኮሉን ሽታና የነጭ ካፖርቱን መልክ ከሕመም ጋር ሊያስተሳስር ይችላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው አባባል ይህንኑ ይገልጻል። ውሻው በሚቀጥለው ዓመት የሚፈራው መርፌውን ብቻ ሳይሆን ከግቢው ሊያስወጣው የተዘረጋውን ገመድ ጭምር ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ አዲስ ሰውን፣ ድምፅንና ቦታን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበልበት ነው። ይህን ጊዜ በሰንሰለት ላይ ያሳለፈ ውሻ ዓለሙ በግቢው አጥር ይወሰናል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ያስፈራዋል።

ከንክሻ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ውሻ ድንገት የሚናከስ ይመስላል እንጂ አስቀድሞ ይናገራል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ፊቱን ያዞራል፤ የፊት እግሩን ያነሣል፤ የዐይኑ ነጭ ይታያል፤ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ደርቆ መቆሙ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ እርጋታ ይቆጥረዋል። ማጉረምረም ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ፍርሃቱን አይተውም፤ የሚተወው ማስጠንቀቁን ነው፤ በሌላ ጊዜም ሳያጉረመርም ይናከሳል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የእንስሳትን ፍርሃት የሚቀንስ የሕክምና አያያዝ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ከሆነ ሰንብቷል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሶፊያ ዪን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን አያያዝ በዝርዝር አስተምራለች። በባለጸጋ አገሮች ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ ልዩ ክፍሎችና መዓዛዎች በእንጦጦ መንደሮች ላይገኙ ይችላሉ። የዘዴው መሠረት የሆኑት ርቀት፣ ጊዜ፣ ምግብና ለስላሳ አያያዝ ግን የትም ይገኛሉ።

በቤት ውስጥ፦ ዝግጅቱ ከክትባቱ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይጀመር። ዘወትር የሚመግበው ሰው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ የውሻውን አንገት፣ ትከሻና እግር ይንካ፤ ወዲያውም መረቅ የነካው ቁራሽ ዳቦ ወይም ጥቂት ሥጋ ይስጠው። ገመዱንም በዚሁ መንገድ ያለማምደው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ ምግብ። ምግቡ ከቀደመ ውሻው ምግቡን ራሱን የአደጋ ምልክት አድርጎ ሊማር ይችላል። አፉ መታሰር የሚኖርበት ውሻም የጨርቅ ማሰሪያውን በቤቱ ሳለ ሊለማመድ ይገባል።

በመንገድ ላይ፦ ውሻውን የሚያመጣው የሚያውቀውና የሚችለው አዋቂ ሰው ይሁን። ይህን ሥራ ለልጅ መስጠት ለልጁም ለውሻውም አደገኛ ነው። ሰው ሳይበዛ ማለዳ መውጣት፣ ሳይጎትቱ መሄድና ውሻው ሲቆም ጥቂት መታገሥ ይጠቅማል።

በክትባቱ ቦታ፦ ውሾች ተጠጋግተው እንዳይሰለፉ ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። ባለቤቶች ተራርቀው ቆመው ተራ በተራ ይጠሩ። ትልቅ ውሻ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ መሬት ላይ እንደቆመ ሊከተብ ይችላል። ባለሙያው ፊት ለፊት ከመጋፈጥና ዐይኑን ትኩር ብሎ ከማየት ተቆጥቦ በጎን በኩል ይቅረብ፤ መርፌውንም አስቀድሞ ያዘጋጅ። ባለቤቱ ምግብ እየሰጠ ሳለ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው መርፌ በጥቂት ሴኮንድ ይፈጸማል። የሚይዘው እጅ በበዛ ቁጥር ፍርሃቱ ይብሳል። ክትባት ጾም አይጠይቅም፤ ማደንዘዣ ለሚያስፈልገው ሕክምና ግን ስለ ምግብ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ድመትን በማዳበሪያ ከትቶ ማምጣት የተለመደ ቢሆንም ጭንቀቷን ያባብሳል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ይሻላል። ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ፣ የቤቱ ሽታ ያለበት አሮጌ ነጠላም ቢነጠፍበት፣ ድመቷ በገዛ ፈቃዷ ልትተኛበት ትችላለች።

ፍርሃቱ ከዚህ ሁሉ ያለፈ እንስሳ ሲያጋጥም፣ ሐኪሙ ከቀጠሮው በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ባለቤቱ ግን የሰው መድኃኒት በራሱ ግምት መስጠት የለበትም፤ ለምሳሌ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ውሻ የሚከትብ ባለሙያ ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ይሁንና ዝግጅቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው በባለቤቱ ቤት ነው። በቦታው ላይም ለሦስት ሆኖ ከውሻ ጋር መታገል ጊዜ ይበላል፤ የአንዱ ጩኸት ደግሞ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ያስደነግጣል። ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለስላሳ አያያዝ ማለት ጥንቃቄን መተው አይደለም። ከውሾች ጋር የሚሠራ ባለሙያ ራሱ አስቀድሞ ክትባት ሊወስድ ይገባል፤ በልምምድ የታሰረ አፍም ጭካኔ አይደለም። በመጨረሻም ይህ ዘዴ ባለቤት ላላቸው ውሾች የሚሠራ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል። በየመንገዱ የሚኖሩ ባለቤት አልባ ውሾች የተለየ አሠራር ይሻሉ።

ማጠቃለያ

የክትባት ዘመቻ የሚመዘነው በአንድ ቀን በተወጉ ውሾች ቁጥር ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ መለኪያ ቢጨመር መልካም ነው፤ ይኸውም አምና ከመጡት ውሾች ዘንድሮ ስንቱ ተመልሰው እንደመጡ ነው። ወረዳዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የክትባቱን ቀን ሲያስታውቁ የሁለት ሳምንቱን ዝግጅት አብረው ቢያስታውቁ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችም አያያዝን እንደ መርፌ አሰጣጥ ሁሉ በተግባር ቢፈተኑበት፣ ለውጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በእንጦጦ ዳገት ላይ ውሻውን በገመድ ይዞ የሚወርድ ሰው በኪሱ ጥቂት ቁራሽ ዳቦ ቢይዝ፣ ያ ዳቦ ውሻውን በሚመጣው ዓመት መልሶ ለማምጣት ይረዳዋል፤ በሰፈሩ ለሚጫወቱ ልጆችም ጥበቃ ይሆናል።