ውሻ ገዢ ከዝርያው በፊት ክትባቱን ይጠይቅ

በቦሌ አራብሳ ለግቢ ወይም ለመጋዘን ጥበቃ ውሻ የሚፈልግ ገዢ ሁለት ምርጫ አለው፤ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ክልሱ፣ አለዚያም የሐበሻ ውሻ። በአሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች የፒት ቡል ክልስና ቺዋዋ ሲበዙ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው የሐበሻው ውሻ ነው።

የሐበሻ ውሻ ጸጉሩ አጭር፣ አየሩን የለመደና ባዕድ ሲመጣ በጩኸት የሚያስታውቅ በመሆኑ ለተራ ጥበቃ ይበቃል። ጀርመን ሼፐርድ ግን ቀለቡ ብዙ ነው፤ በዘር የሚወረስ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምም ያጠቃዋል። ቡችላውን በማየት ብቻ ክልስ መሆኑን ማወቅ ስለማይቻል ገዢው እናትና አባቱን ማየት ይኖርበታል።

ዋናው ኪሣራ ግን የሚመጣው ከዝርያ ሳይሆን ከእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽተኛው አይድንም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት፣ ከ100 ተያዦች 99ኙም ከውሻ እንደሚይዛቸው ይገምታል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ክትባቱም በየጊዜው ይታደሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ስለዚህ የክትባት ካርድ የሌለው ውሻ በነፃ ቢገኝ እንኳ ርካሽ አይደለም።