ግጭ፦ መንደር የነበረበት አምባ

ከአራት ኪሎ ግቢያችን ተነሥተን ወደ ግጭ ብንሄድ በመኪና ወደ ሰሜን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያም በእግር ወይም በበቅሎ ረጅም ዳገት ይጠብቀናል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ወደ ላይ ያለው ርቀት ነው። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የግጭ አምባ 3,600 ሜትር ይደርሳል። የአየር ሙቀት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀንስ የሚያስታውስ ተማሪ፣ ግጭ ከእኛ በ7 ዲግሪ ያህል እንደምትቀዘቅዝ በቀላሉ ያሰላል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ጤፍ እዚያ አይታሰብም። ለገበሬው የቀረለት ገብስ ነው፤ እርሱም በአቅሙ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚበቅል።

ግጭ እስከ 2016 ድረስ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረች የገበሬዎች መንደር ናት። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ክብ ጎጆ ሠርተው፣ ገብስ እያረሱ፣ በግ፣ ፍየልና ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ የሚያልፉ ጎብኚዎች መበራከት ከጀመሩ በኋላ ደግሞ የበቅሎ ኪራይ ተጨማሪ ገቢ ሆኖላቸው ነበር። ፓርኩ በይፋ የተመሠረተው በ1969 ነው፤ መንደሯ ግን ከዚያ እጅግ ትቀድማለች። ስለዚህ «ፓርክ ውስጥ የሰፈረ ሕዝብ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ነገሩን ይገለብጠዋል፤ በቅድሚያ የነበረው ሕዝቡ ነው፣ ፓርኩ ኋላ መጣ።

የመጣበትም ምክንያት ዋልያ ነበር። ይህ የዱር ፍየል ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ በ1960ዎቹ ቁጥሩ ከ200 እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ በርንሃርድ ኒፈርገልት በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ የዋልያን አኗኗር አጥንቷል። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር ከእነርሱ መካከል ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዋልያ የሚኖረው በገደል ላይ ነው፤ የግጭ ገበሬ የሚያርሰው ደግሞ ከገደሉ በላይ ያለውን ሜዳና ተዳፋት ነው። ታዲያ ምን አጋጫቸው? መልሱ በከፊል ከአፈሩ ይገኛል። የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። በዐለቱ ላይ የተፈጠረው አፈር ጥቁር፣ ቀላልና ብስባሽ የበዛበት ነው፤ ቅዝቃዜው ብስባሹን ቶሎ እንዳይፈርስ ስለሚያዘገየው እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል። ጓሳና አስታ ሸፍነውት ሳለ ዝናቡ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ተዳፋቱ ሲታረስ ግን ያ ቀላል አፈር ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ይሄዳል። በ1970ዎቹ በፓርኩ ውስጥ የሠራው የጂኦግራፊ ባለሙያ ሃንስ ሁርኒ የአፈሩን መሸርሸር በማጥናት፣ በታረሰው ተዳፋት ላይ የሚጠፋው አፈር ተፈጥሮ ከምትተካው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። አፈሩ ሲሳሳ ገብሱ ይቀንሳል፤ ገብሱ ሲቀንስ ገበሬው አዲስ መሬት ይፈልጋል፤ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፤ ፍየሎቹም ዋልያ ወደሚግጥበት አፋፍ ይወርዳሉ። ግጭቱ እንግዲህ የሰውና የአውሬ ጠብ ከመሆኑ በፊት የአፈር ጉዳይ ነበር።

በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ አስገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን ሕዝብና ግጦሽ መቀነስ ነበር። የፓርኩ ወሰን ተከልሶ ብዙ መንደሮች ወደ ውጭ እንዲወጡ ተደረገ፤ በሌላ በኩል እስከ ራስ ደጀን ድረስ ሰፋ። ግጭ ግን መሐል ላይ ነበረች፤ ወሰኑን ማጠፍ አልተቻለም። በ2016 የ418 አባወራዎች ቤተሰቦች፣ ከ2,500 በላይ ሰዎች፣ ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2017 ስሜን ከአደጋ መዝገቡ ወጣች። ይፋ ሰነዶች ነገሩን በፈቃደኝነት የተደረገ ዝውውር ይሉታል። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን ግን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ፈቃደኝነት አጥብቆ ጠይቆታል። እኔም ገበሬ ሆኖ የኖረን ሰው ያለ እርሻ መሬት ከተማ ላይ ማስፈር በካሣ ብቻ የሚዘጋ ሂሳብ ነው ብዬ አላምንም።

ለሥነ ምህዳር ተማሪ ደግሞ ሌላ የሚከነክን ነገር አለ። የግጭ መነሣት በተግባር ግዙፍ ሙከራ ነበር፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሁለተኛ ግጭ ግን የለም። በ2019 በፓርኩ ተነሥቶ ለቀናት የነደደው ሰደድ እሳት ከውጭ አገር እርዳታ እስከ መጠየቅ አድርሷል። ግጦሽ የተለየው ደረቅ ሣር ማገዶ ሆኖ እንደሚከማች ይታወቃል፤ የእሳቱ ስፋት ከዚህ ጋር ምን ያህል ይያያዛል የሚለው በልኬት መመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ዋልያውም ቢሆን ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነለትም። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም በተከተለው ግጭት ጥበቃው ሲላላ አደን በርትቶ ቁጥሩ በእጅጉ አሽቆልቁሏል። መንደሯ በሌለችበት ዘመን ማለት ነው።

በመንዝ ጓሳ የሆነውን ከዚህ ጎን ማየት ይጠቅማል። እዚያ ሕዝቡ ራሱ «ቄሮ» በተባለ ጥንታዊ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኋላ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልክ ተመልሷል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያው አሉ። መንዝ ግን ጓሳው አይታረስም፤ ግጭ ይታረስ ነበር። ስለዚህ የአንዱን መፍትሔ እንዳለ ወስዶ ለሌላው ማልበስ አይቻልም።

ከግጭ ጋር አብሮ የወረደው ነገር ገብሱ ነው። በ3,600 ሜትር ውርጭ ተቋቁሞ የሚያፈራ ዘር በአንድ ዓመት አይገኝም፤ ገበሬዎች ከየዓመቱ ምርት የተሻለውን እያነሡ፣ እየተዋዋሱ፣ ለልጆቻቸው እያወረሱ የሚያበጁት ነው። እንዲህ ያለ ዘር በሕይወት የሚቆየው እየተዘራ ነው። ደባርቅ ከግጭ በ700 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ ውርጩ ይቀላል፣ ማሳውም የለም።