አንድ ሕዝብ፥ አንድ ቋንቋ፤ የቤቱስ ቋንቋ?

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ብዙ ሕዝቦችን ያንቀሳቀሰ አንድ ሐሳብ ነበር። ይኸውም ቋንቋቸውና ባህላቸው የሚቀራረብ ሰዎች በተለያዩ መንግሥታት ሥር ተበታትነው ቢኖሩም አንድ ስለ ሆኑ መተባበር አለባቸው የሚል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ቼኮች፥ ፖላንዶች፥ ሰርቦችና ሌሎችም የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪዎች በፕራግ ከተማ የተሰበሰቡት በዚህ ሐሳብ ነው። በ1883 ደግሞ ኢስማኢል ጋስፕሪንስኪ የተባለ የክሪሚያ ታታር፥ የቱርክ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ሁሉ ይረዱታል ብሎ ያሰበውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ።

የአይሁድ ነገር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። ሌሎቹ ቋንቋችን ይመሳሰላልና አንድ እንሁን ሲሉ፥ አይሁድ አንድ መሆናቸውን በሃይማኖታቸው እያወቁ የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። የዋርሶው ዪዲሽ፥ የሳሎኒካው ላዲኖ፥ የባግዳዱ ዓረብኛ ይናገራል። የጎንደሩ አማርኛ፥ የትግራዩ ትግርኛ ነው። ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ሆኖ ኖረ እንጂ እናት ልጇን የምታባብልበት አልነበረም። ለእኛ አባቶች ግዕዝ እንደዚያው እንደ ነበረ ልብ ይሏል፤ ቄሶቻችን ይጸልዩበታል፥ ማንም ግን ቤቱ ውስጥ አይነጋገርበትም።

ኤሊዔዜር ቤን የሁዳ በ1881 ኢየሩሳሌም ሲገባ ይህን ሊለውጥ ቆርጦ ነው። በ1882 ወንድ ልጅ ሲወለድለት ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ በጆሮው እንዳይገባ ከለከለ። ልጁ አፉን ሳይፈታ ብዙ ቆየ። ኋላ ኢታማር ቤን አቪ ተብሎ ዝነኛ ጋዜጠኛ የሆነው ይኸው ልጅ ነው፤ እናቱ በሩስኛ እሽሩሩ ስትለው አባቱ ሰምቶ እንዴት እንደ ተቆጣ ይተረካል። ቤን የሁዳ ቃል ሲያጣ ከጥንቱ ሥር እያወጣ ይፈጥር ነበር። ተማሪዎቻችን የሚያገላብጡት ሚሎን፥ ሕፃናት በበጋ የሚለምኑን ግሊዳ ከእርሱ እጅ የወጡ ቃላት ናቸው።

ነገሩ ግን ያለ ጠብ አላለፈም። በ1908 በቼርኖቪትስ ከተማ የተደረገ ጉባኤ ዪዲሽ ከአይሁድ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው ብሎ ወሰነ። በ1913 ደግሞ በሐይፋ ሊከፈት የታሰበው የቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ የዛሬው ቴክኒዮን፥ ሳይንስን በጀርመንኛ ያስተምራል ሲባል መምህራንና ተማሪዎች አድማ መቱ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች «የቋንቋዎች ጦርነት» ይሉታል። ዕብራይስጥ አሸነፈ። በ1922 በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1923 በቴል አቪቭ የተቋቋመ የወጣቶች ማኅበር «ዕብራዊ ሆይ፥ ዕብራይስጥ ተናገር» የሚል መፈክር ይዞ በመንገድ ላይ ዪዲሽ የሚናገረውን ሁሉ ይገሥጽ ነበር። የመጀመሪያው ኡልፓን በኢየሩሳሌም የተከፈተው በ1949 ነው።

ይህ ሁሉ ድል ነው፤ እኛም የምንኮራበት ነው። ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ በአንድ ቋንቋ መነጋገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውን የከፈለው ግን የቤቱ ቋንቋ ነው። የባግዳድ ተወላጁ ሳሚ ሚካኤል በ1949 ሲመጣ ዓረብኛን አሳምሮ የሚያውቅ ወጣት ነበር፤ የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ ልብ ወለድ ያሳተመው በ1974 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ደራሲ ያልሆነው አባት፥ ተራው ሠራተኛ፥ በልጁ ፊት ዝም እያለ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ማን ጻፈው?

እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራነው ይህን ዝምታ በየቤቱ እናገኘዋለን። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፥ ከዚያም በግንቦት 1991 በአውሮፕላን የመጡት ወላጆች ልጆቻቸው በጥቂት ወራት ዕብራይስጥ ሲያንበለብሉ አዩ። ደስም አላቸው። ቀስ በቀስ ግን የቤቱ አስተርጓሚ ልጁ ሆነ። እናት ለሐኪም ልትናገረው የሚገባትን ሕመም በአሥር ዓመት ልጇ ፊት አፍራ ትውጠዋለች። ከትምህርት ቤት የመጣውን የክስ ደብዳቤ የሚያነበው ራሱ ተከሳሹ ነው፤ «ጎበዝ ተማሪ ነው ይላል» ብሎ ይተረጉማል። አባት ይመርቀዋል። ይህን ስናወራ እንስቃለን፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ አባት አባትነቱን እያጣ ነው።

አንዳንዶች አማርኛ ከጠፋ ማንነታችን ጠፋ ይላሉ። እኛ እንደዚያ አንልም። አያት ቅድመ አያቶቻችን አማርኛና ትግርኛ ከመያዛቸው በፊት የአገው ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ በጸሎታችን ውስጥ እስከ ዛሬ የአገውኛ ቃላት አሉ። ቋንቋው ተለወጠ፥ ቤተ እስራኤል ግን ቤተ እስራኤል ሆነው ኖሩ። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችንም በስብሰባ ሁሉ በአማርኛ ሲመከሩ ታግሠው ኖረዋል፤ ይህም ጽሑፍ የወጣው በአማርኛ ነው! ጭንቀታችን ስለ ቋንቋው ክብር ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች ነው። በአገውኛው ዘመን ልጅና አያት አብረው ተለወጡ፤ እዚህ ግን ልጁ በሁለት ዓመት ሲሻገር አያት ባሉበት ቀሩ።

ወላጆች «ልጄን በየትኛው ቋንቋ ላናግረው?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሳችን፦ አሳምረው በሚያውቁት። ዕብራይስጡን መዋዕለ ሕፃናቱና ሰፈሩ ይሰጡታል። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ያደገ ልጅ ከእናቱ የሚሰማው «ና፥ ብላ፥ ተኛ» ብቻ ነው። ደግሞም ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ዓይን ዓይን ነው፥ ቤት ባይት፥ ልብ ሌቭ፥ ደም ዳም። «አፍ» ግን በዕብራይስጥ አፍንጫ ነውና ይጠንቀቁ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ጎልማሳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዘው ይሂዱ፤ ልጁ ትምህርት ቤቱ ይዋል።

እንደሚታወቀው በባህላችን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ የሚቆጥሩትም ሽማግሌዎች ናቸው። ቆጠራው ደግሞ የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ እገሌ ከየት መንደር መጣ፥ ማንን አገባ፥ ከማን ተጣላ እየተባለ የሚነገር ረጅም ታሪክ ነው። በቅርቡ አንዲት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ልታገባ ስትል፥ ከአያቷ ፊት ተቀምጣ ዘሯን ለማስቆጠር አስተርጓሚ ፈለገች። የተረጎምንላት እኛ ነን፤ አያትየዋ አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ንግግራቸውን አቁመው፥ «ልጄ፥ አንቺስ ይህን ለልጅሽ በምን ትነግሪዋለሽ?» ብለው ጠየቁ። እሱንም ተረጎምነው።