ከቡጢው በኋላ ያለው ትግል

የሰፈር ጠብ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ስድብ፣ ግፊያ፣ አንድ ሁለት ቡጢ፣ ሲብስ ቴስታ። ከዚያ አንደኛው የሌላውን ኮሌታ ይጨመድዳል፤ ይተናነቃሉ፤ በጠረባ ይሁን በአጋጣሚ ተያይዘው ይወድቃሉ። ዓመታት ቦክስ የሠራ ልጅ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ቡጢ ክንድ የሚዘረጋበት ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተቱ ደግሞ አሁን የለም።

ይህ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፣ የተለያየ ስልት ያላቸው ተፋላሚዎች በተገናኙበት በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር ነው። ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገባ። 80 ኪሎ ገደማ የሆነው ብራዚላዊ ሮይስ ግሬሲ ጥሎት ደረቱ ላይ ሲቀመጥበት፣ ጂመርሰን ገና ሳይታነቅ ተሸነፍኩ ብሎ መሬቱን መታ መታ አደረገ። ግሬሲ በዚያው ምሽት ሌሎች ሁለት ሰዎችንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ግሬሲ የተጠቀመበት ጂዩ ጂትሱ የተባለው የትግል ስልት ሥሩ ጁዶ ነው። ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከነጻ ልምምዱ አወጣቸው። አዳከመው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥንካሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ባልንጀራህን በየቀኑ በሙሉ ኃይልህ በቡጢ ብትመታው በሳምንቱ አብሮህ የሚሠለጥን አታገኝም። በትግል ግን በእውነት እየታገለህ ትጥለዋለህ፣ ትይዘዋለህ፤ ሲጨንቀው መታ መታ ያደርግሃል፣ ትለቀዋለህ፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ታጋይ እምቢ የሚልን ሰው ለምዶታል።

ትግል ሌላም ጥቅም አለው። የሰከረ ዘመድ ሠርግ ቤት ቢረብሽ ጥርሱን ማርገፍ አያስፈልግም፤ ክንዱን ጠፍሮ ወደ ውጭ ማውጣት ይበቃል። የእኛ ገላጋይ ሳይሠለጥን የሚያደርገው ይኸው ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አንደኛውን ብቻ ከኋላ አቅፎ ለሌላኛው ቡጢ ማመቻቸቱ ነው!

ትግል ብቻውንም አያዋጣም። አስፋልት ምንጣፍ አይደለም፤ አንዱን መሬት ላይ ስትይዝ ጓደኛው ጭንቅላትህን በካልቾ ይልሃል። ቡጢ የማያውቅ ታጋይም ለመያዝ ሲጠጋ ፊቱን ያስመታል። ስለዚህ ከመንገድ ጠብ ራሱን ለማዳን የሚሠለጥን ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ እንዴት ልጣል ሳይሆን እንዴት ልነሣ ነው።

ለመነሣት ግን መጀመሪያ በደህና መውደቅ ያስፈልጋል። ጁዶ ቤት ጀማሪው የሚማረውም አወዳደቅ ነው፦ አገጭ ወደ ደረት፣ ክንድ ምንጣፉን ጠፍ። የክረምት ጭቃ ላይ ሲያዳልጥም ይሠራል። አነሣሡ ደግሞ እንዲህ ነው። ዐይን ከባላጋራው አይነቀልም። ቀኝ መዳፍ ከኋላ መሬት ይይዛል፣ ግራ ክንድ ፊትን ይከልላል። ግራ እግር እንደቆመ መቀመጫ ከፍ ይልና ቀኝ እግር በሥሩ ወደ ኋላ ይሳባል። ከዚያ ቀጥ ብሎ መቆም፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ መሮጥ።