ስለ መስማት ጉድለትና ስለ ዓይነቶቹ

ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ምዕተ ዓመት፥ በአባ ኢየሱስ ሞዐ አስተዳደር ጊዜ፥ ብዙ ደቀ መዛሙርት የተማሩበት የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው። ብራና ለሁሉ የማይዳረስ ስለ ነበረ ትምህርቱ በአብዛኛው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ ነበረ። ዛሬም በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች ልጅ ፊደሉን አስቀድሞ የሚቀበለው በጆሮው ነው። ስለዚህ ጆሮው የደከመ ልጅ በትምህርት በር ላይ ይቀራል፤ መምህሩም ካላወቀለት ሰነፍ ወይም እልኸኛ ተብሎ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

በአማርኛ ደንቆሮ የሚለው ቃል ለማይሰማውም ለማያውቀውም ይነገራል፤ ድንቁርና ሲባልም አለማወቅ ማለት ሆኗል። በዚህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አለመስማት የጆሮ ጉድለት ነው እንጂ የአእምሮ ጉድለት አይደለምና። የጆሮውም ጉድለት ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ድምፅ በውጭው ጆሮ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩ በመካከለኛው ጆሮ ያሉትን ሦስት ታናናሽ አጥንቶች ያነቃንቃል፤ እነርሱም ንቅናቄውን የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ መሰለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ከዚያም የመስሚያው ነርቭ ወደ አንጎል ይወስደዋል። ጉድለቱም እንደ ደረሰበት ስፍራ በሦስት ይከፈላል።

1ኛ. የማስተላለፍ ጉድለት። ይህ በውጭው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ ሲታገድ የሚሆን ነው። ምክንያቱም የጠጠረ ኩክ፥ መግል ወይም የታምቡር መቀደድ ነው። ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ በሕክምና ይድናል።

2ኛ. የውስጠኛው ጆሮና የነርቭ ጉድለት። አንዳንዱ ከልደት የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱም ከማጅራት ገትር፥ ከኩፍኝ፥ ከጆሮ ደግፍ፥ ጆሮን ከሚጎዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፥ ከብርቱ ጩኸት ወይም ከእርጅና የተነሣ ይሆናል። ይህ ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ነው፤ ነገር ግን በመስሚያ መሣሪያ ይረዳል።

3ኛ. ድብልቅ ጉድለት። ይህ ሁለቱ በአንድ ጆሮ ሲገናኙ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሪኔ የተባለው የጀርመን ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1855 ዓመት አንድ ብልሃት ገልጿል። ይኸውም ባለ ሁለት ቀንድ ብረት መትቶ አስቀድሞ ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ፥ ቀጥሎም በጆሮው ደጅ መያዝ ነው። ድምፁ በአጥንቱ በኩል ይልቅ ከተሰማ የታገደው መንገዱ ነው።

ጉድለቱ በመጠንም ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው መለኪያ ከ20 እስከ 34 ዴሲቤል ያለው ቀላል፥ ከ35 እስከ 49 መካከለኛ፥ ከ65 እስከ 79 ከባድ ሲሆን፥ 95ና ከዚያ በላይ የሆነው ፈጽሞ አለመስማት ይባላል። በጊዜም ይለያል። ቋንቋ ከለመደ በኋላ የደነቆረ ሰው ንግግሩ ይቀርለታል፤ ከልደቱ ያልሰማ ግን ያልሰማውን ቃል ለመናገር ይቸገራል። ዲዳ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ልሳኑ የታሰረ ሳይሆን ጆሮው ያልሰማ ነው።

መምህር ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ልጆች ፊደልን በአንድነት ሲጮኹ ጆሮው የደከመ ልጅ ከጓደኞቹ ድምፅ ጋራ ተቀላቅሎ ያወቀ ይመስላል። ብቻውን ሲጠየቅ ግን ሰን ከሸ፥ ፈን ከተ ይደባልቃል፤ ቀጭን ድምፆች አስቀድመው ይጠፉበታልና። ደግሞም የተናጋሪውን አፍ ትኩር ብሎ ያያል፥ አንድ ጆሮውን ያዘነብላል፥ ከኋላው ሲጠሩት አይመልስም።

እንዲህ ያለውን ልጅ መምታት አይገባም። መምህሩ ከፊት ያስቀምጠው፥ ፊቱንም እያሳየው ይናገር። ሽማግሎችም በጆሮ ቅቤና የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስን፥ በእንጨትም መጎርጐርን ይከልክሉ፤ ጆሮው መግል የሚያፈስሰውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ካስፈለገም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይላኩ። ፈጽሞ የማይሰማውም ልጅ ትምህርት አይከለከል። የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነውና፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። በጆሮው ያልገባ ዕውቀት በዓይኑ ሊገባ ይችላል።